መጀመሪያ መቆም ነው፦ ኩንግ ፉና ቺጎንግ ለመጀመር ለምታስቡ

ባለፈው ወር በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ቤት ጠየቁኝ። አንዱ የ10 ዓመት ልጁን ኩንግ ፉ ሊያስመዘግብ ያሰበ ጓደኛዬ ነው። ሌላዋ እትዬ እያልኩ የምጠራቸው ጎረቤታችን ናቸው። 68 ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሐኪማቸው «ታይ ቺ ቢሞክሩ ጥሩ ነው» ብሏቸዋል፤ ታይ ቺ ቀስ ተብሎ የሚሠራ የቻይና ማርሻል አርት ነው። ሁለቱም ሊሄዱ ያሰቡት እኛ ሰፈር ከሱቆቹ በላይ ፎቅ ላይ ወዳለ የቻይና ማርሻል አርት ትምህርት ቤት ነው። «ለልጁ ድብድብ፣ ለኔ መድኃኒት፤ እንዴት ተደርጎ ነው በአንድ በር የምንገባው?» አሉኝ እትዬ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ መማር ከጀመርኩ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ የማውቀውን ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከቃሉ እንነሳ። ብዙዎቻችን ኩንግ ፉን ያወቅነው ቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ብሩስ ሊንና ጃኪ ቻንን አይተን፣ ስንወጣ መንገድ ላይ እየተራገጥን ወደ ቤት። ስለዚህ ለእኛ ቃሉ ድብድብ ነው። በቻይንኛ ግን «ጎንግፉ» ማለት ጊዜና ልፋት ፈሶበት የተገኘ ችሎታ ነው። ጎበዝ ወጥ ቤትም ጎንግፉ አለው ይባላል፤ ሻይ በጥንቃቄ የሚቀዳበት ሥርዓት እንኳ «የጎንግፉ ሻይ» ይባላል። ወደ አማርኛ ስመልሰው የሚቀርበኝ ቃል «ሙያ» ነው። ስለ አንዲት ሴት «ሙያ አላት» ስንል የዛሬውን ዶሮ ወጥ ብቻ አይደለም የምናወራው፤ ሽንኩርቱ እስኪበስል የታገሰችውን ሰዓት፣ እናቷ ጎን ቆማ ያየችውን ዓመት ሁሉ ጨምረን ነው።

የውጊያው ጥበብ ራሱ ስሙ «ዉሹ» ነው። ዛሬ ዉሹ ሲባል ግን ብዙ ጊዜ የውድድር ስፖርቱን ማለት ነው፤ ዝላዩ፣ ግልብጡ፣ ዳኛ ነጥብ የሚሰጥበት። ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽኑ የተቋቋመው በ1990 ነው፣ በ2026ቱ የዳካር የወጣቶች ኦሊምፒክም ከሜዳሊያ ስፖርቶች አንዱ ሆኖ ተካቷል። አዲስ አበባ ውስጥም ከቴኳንዶና ከካራቴ ጎን ለጎን ልጆች የሚያሠለጥኑ የዉሹ ክለቦች አሉ። እኔ የማወራው ግን ስለ ባህላዊው፣ ከመምህር ወደ ተማሪ ስለሚወርደው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ላጥራ። «ታይ ቺ» ውስጥ ያለው «ቺ» እና የትንፋሽ መልመጃው ስም «ቺጎንግ» ውስጥ ያለው «ቺ» አንድ ቃል አይደሉም። እኛ ስንጽፋቸው ነው የሚመሳሰሉት። የመጀመሪያው «ጫፍ፣ ዳርቻ» የሚል ነው፣ ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። ወደ ትንፋሹ እመለሳለሁ።

አስተማሪው «ሺፉ» ይባላል። ቻይና ውስጥ ሹፌሩንም ቧንቧ ሠሪውንም ሺፉ ይሉታል፣ እጁ የሠለጠነ ባለሙያ ለማለት። በአነጋገር አንድ ሆኖ በጽሑፍ የሚለይ ሌላ ሺፉ ደግሞ አለ፤ እዚያኛው ውስጥ «አባት» የሚለው ፊደል ይገባል። እሱ የኛ የኔታ ነው። በድሮው ሥርዓት ተማሪው ተንበርክኮ ሻይ ያቀርብና ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ልጅ ይሆናል። ሰፈር ውስጥ ማታ ማታ ለመማር የሚመዘገብ ሰው ይኼ አይጠበቅበትም። አንድ አስተማሪ በመጀመሪያው ወር ተንበርከክ ካለ ጠርጥሩ።

«የትኛው ስታይል ይሻላል?» የሚለውን በየጊዜው እጠየቃለሁ። ስልቶቹ በጣም ብዙ ናቸው። ቻይናዎቹ «ደቡብ በእጅ፣ ሰሜን በእግር» ይላሉ፤ ሌላው የተለመደ አከፋፈል ደግሞ ውጫዊና ውስጣዊ የሚለው ነው። ሻውሊን ውጫዊ ነው፤ ታይ ቺ፣ ሺንግዪና ባጓ የሚባሉት ስልቶች ደግሞ ውስጣዊ። እኔ ሳየው ልዩነቱ መነሻው ላይ ነው። አንዱ ከጉልበትና ከፍጥነት ይጀምርና ወደ መላላት ይሄዳል፣ ሌላው ከመላላት ይጀምርና ወደ ጉልበት ይመጣል። ረጅም ዓመት የሠሩ ሰዎች መሀል ላይ ይገናኛሉ።

ስለ አመጣጡ የሚወራውን ሁሉ አትመኑ። የሻውሊን ገዳም የተመሠረተው በ495 ሄናን ክፍለ ሀገር፣ ሶንግ ተራራ ላይ ነው፣ ይኼ እውነት ነው። ከሕንድ የመጣው መነኩሴ ቦዲዳርማ ኩንግ ፉን አስተማረ የሚለው ግን አፈ ታሪክ ነው። ታይ ቺንም ጃንግ ሳንፌንግ የሚባል፣ ዳኦ የሚባለው የቻይና እምነት ባሕታዊ ወፍና እባብ ሲጣሉ አይቶ ፈጠረው ይባላል። ታንግ ሃው የሚባል ቻይናዊ ተመራማሪ ገና በ1930ዎቹ ሁለቱንም ታሪኮች መርምሮ መሠረት እንደሌላቸው ጽፏል። ታይ ቺ በማስረጃ ሲታይ የሚያደርሰን እዚያው ሄናን ውስጥ ወዳለችው የቼን መንደር ነው፣ 17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ቼን ዋንግቲንግ የተባለ ወታደር ዘንድ። ጥበቡ ለረጅም ጊዜ ከቤተሰቡ ብዙም አልወጣም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያንግ ሉቻን የሚባል የሌላ ቤተሰብ ሰው እዚያ ተምሮ ቤጂንግ ወሰደው፣ ከዚያ ነው የተሰራጨው። በ1956 የቻይና የስፖርት ኮሚሽን የያንግን ረጅሙን ፎርም (ተያይዞ የሚሠራውን የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል) ወደ 24 እንቅስቃሴ አሳጠረው። ቤጂንግ ቲያንታን ፓርክ ውስጥ ማለዳ ሽማግሌዎች ሲሠሩት የምታዩት፣ በቪዲዮ የሚዞረው፣ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ዩኔስኮ ታይ ቺን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው በ2020 ነው። ስለዚህ «የኛ ስታይል ሦስት ሺህ ዓመት ሳይነካ የቆየ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ እለፉት።

እሺ፣ ተመዘገባችሁ። የመጀመሪያው ቀን ምን ትሠራላችሁ? ትቆማላችሁ። ብዙ ሰው የሚያቋርጠውም እዚህ ጋ ነው፣ ከፍሎ የመጣው ለመቆም አልነበረማ።

አቋቋሙ «ጃን ጁዋንግ» ይባላል፣ እንደ ምሰሶ መቆም ማለት ነው። እግራችሁን በትከሻችሁ ልክ ትከፍታላችሁ፣ ጣቶቹ ወደ ፊት። ጉልበት በትንሹ ይታጠፋል፣ ከእግር ጣት አያልፍም። ከፍ ያለ ወንበር ጫፍ ላይ ልትቀመጡ ስትሉ እንደሚሆነው ዳሌያችሁን ወደ ታች ትለቁታላችሁ። አናታችሁን ከላይ አንድ ሰው በክር የያዘው ይመስል አንገታችሁ ይረዝማል። እጃችሁን ደረታችሁ ፊት ታደርጉና አንድ ትልቅ እንስራ ታቅፋላችሁ። እንዳይወድቅ ያዝ፣ እንዳይሰበር ላላ። አፍ ይዘጋል፣ ትንፋሽ በአፍንጫ ነው፣ ትንፋሽ ሲገባ ሆድ ይነፋል፣ ሲወጣ ይሟሽሻል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም፣ መቆም ነው።

የመጀመሪያው ደቂቃ ምንም አይልም። ሁለተኛው ላይ ትከሻ ሳይታወቃችሁ ወደ ጆሮ ይወጣል። ሦስተኛው ላይ ጭን መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አራተኛው ላይ ዓይን ግድግዳው ሰዓት ላይ ነው። አስተማሪዬ እዚህ ደረጃ ላይ ሳለሁ ከኋላዬ መጡና በሁለት ጣታቸው ወገቤን ነካ አድርገው «እዚህ ጋ ምን ይዘሃል?» አሉኝ። ምንም የያዝኩ አልመሰለኝም ነበር። ጣታቸው ያረፈበትን ቦታ ስለቀው ግን ክብደቴ ከጭኔ ተንሸራቶ ወደ ውስጥ እግሬ ሲወርድ ተሰማኝ፣ መንቀጥቀጡም በግማሽ ቀነሰ። ትምህርቱ ይኼ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳያስፈልግ ጨብጠን የምንዞረውን ጡንቻ አንድ በአንድ ማግኘትና መልቀቅ።

ቅዳሴ ቆሞ ያስቀደሰ ሰው የዚህን ነገር ግማሹን ያውቀዋል። ጉልበቱን ቆልፎ የቆመው ጎረምሳ መሀል ላይ ይዝላል። አጠገቡ ያሉት አባት መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ክብደታቸውን ሰው ሳያውቅባቸው ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያሳለፉ እስከ መጨረሻው ይቆማሉ። ማንም በመጽሐፍ አላስተማራቸውም፣ ሰውነታቸው ነው የተማረው።

ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ይኸው አቋቋም ሲንቀሳቀስ ነው። ለልጆቹ «ማ ቡ» አለ፣ የፈረስ አቋም፤ እግር በጣም ተከፍቶ፣ ጭን ዝቅ ብሎ፣ ፈረስ ላይ የተቀመጡ ያህል። ከዚያ ቡጢ፣ ርግጫ፣ እርምጃ። ከዚያ ፎርም፣ ማለትም ተያይዘው የሚሠሩ እንቅስቃሴዎች። ፎርምን የሚንቁ ሰዎች አሉ፣ «ዳንስ ነው» ይላሉ። እኔ የማየው እንደ ቄስ ትምህርት ቤት ነው። ልጁ መጀመሪያ ዳዊት ይደግማል፣ ቃሉን ይይዛል፣ ትርጓሜው በኋላ ይመጣል። ፎርም ንባቡ ነው። ትርጓሜው ያለው ከሰው ጋር ሲሠራ ነው፤ ይህቺ እጅ ለምን ተነሣች፣ ሰው ቢይዘኝ በየት ትወጣለች። ንባቡን ብቻ አስተምረው ትርጓሜ የማይሰጡ ቤቶች ሞልተዋል፣ እዚያ አሥር ዓመት ብትቆዩም ያው ናችሁ።

በታይ ቺ ውስጥ የትርጓሜው መጀመሪያ «ቱይ ሾው» ነው፣ እጅ ለእጅ መገፋፋት። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ክንዳቸውን ያነካካሉ፣ አንዱ ቀስ ብሎ ይገፋል፣ ሌላው ሳይገትር ሳይሸሽ ግፊቱን ወደ ጎን ያሳልፋል። ጠንከር ብላችሁ ስትገፉ እጃችሁ በር ተከፍቶለት እንደገባ ሰው ወደ ፊት ይሄድና እናንተን ይዟችሁ ይወድቃል። የ70 ዓመት ሰው በዚህ መንገድ እኔን በተደጋጋሚ ግድግዳ አስደግፈውኛል። ጉልበት አልጨመሩም፣ አቋቋሜ ውስጥ ያለውን ክፍተት ነው ያገኙት።

አሁን ወደ «ቺ»። ሰዉን የሚያደናግረውም የሚያስፈራውም ይኼ ነው። በቻይንኛ ቺ ተራ ቃል ነው። አየር ውስጥ አለ፣ የአየር ሁኔታ ውስጥ አለ፣ «ተናደደ» ለማለት እንኳ ቺ ይገባል። በድሮው አጻጻፍ ፊደሉ ውስጥ የሩዝ ምልክት አለ፣ ከላዩ እንፋሎት። እኛ ይኼን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም፣ ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ፣ እስትንፋስ፣ ትንፋሽ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። የሚነፍሰው ነገርና ሕይወት የሚሆነው ነገር በቋንቋችንም ዘመድ ናቸው። አስተማሪው «ቺህን ወደ ዳንቲየን አውርድ» ሲል ዳንቲየን ከእምብርት ዝቅ ብሎ ያለው ቦታ ነው። በተግባር ያለው ነገር ትከሻህን ልቀቅ፣ ትንፋሽህን ከደረትህ ወደ ሆድህ አውርድ፣ ክብደትህን ዝቅ አድርግ ነው። ስትቆሙ መዳፍ ይሞቃል፣ አንዳንዴም ይነዝራል። ሰውነት ሲረጋጋ የእጅ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ደም ወደ ጣት ይሄዳል። ሙቀቱን ቺ ብትሉትም የደም ዝውውር ብትሉትም መልመጃው ያው ነው። እኔ በሁለተኛው ነው የማስበው።

ቺጎንግ እንግዲህ በትንፋሽ ላይ የሚሠራ ሥራ ነው። ልማዱ ጥንታዊ ነው። በ1973 ቻንግሻ ከተማ አጠገብ ማዋንግዱዪ በተባለ ቦታ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ከተዘጋ መቃብር ውስጥ የሐር ሥዕል ወጥቷል፤ 44 ሰዎች ሲንጠራሩ፣ ሲያጎነብሱ፣ እንስሳ ሲመስሉ ይታያሉ። «ቺጎንግ» የሚለው ስም ግን በዚህ ትርጉሙ የተስፋፋው በ1950ዎቹ ነው፣ ሊዩ ጉዪጀን የሚባል ሰው ከሕመሙ ተሽሎበት ሄበይ ክፍለ ሀገር ውስጥ በጤና ተቋም ማስተማር ከጀመረ በኋላ።

ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚማረው «ባዱዋንጂን» ነው፣ ስምንቱ የግምጃ ቁራጮች። ስምንት እንቅስቃሴ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። የመጀመሪያው እንዲህ ነው። እጆቻችሁን ሆድ ፊት ታቆላልፋላችሁ፣ ትንፋሽ እያስገባችሁ እስከ ደረት ታነሳላችሁ፣ እዚያ መዳፉን ገልብጣችሁ ወደ ላይ ትገፋላችሁ፣ ሰማይን የምትደግፉ ይመስል። ተረከዝ መሬት ነው፣ ትከሻ አይነሣም። አፍታ ቆይታችሁ እጆቻችሁ በጎንና በጎን ሲወርዱ ትንፋሽ ይወጣል። ስድስት ጊዜ። ቀላል ነው፣ ቢሮ ውስጥም ይሠራል። ከኮምፒዩተር ፊት ለሚውል ሰው ጀርባ የሚሰጠውን እፎይታ እኔ አውቀዋለሁ።

ያድናል ወይ? እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። ለአንዳንድ ነገር ጥሩ ማስረጃ አለው። በ2018 አሜሪካ ውስጥ ታትሞ የወጣ ጥናት 670 ሰዎችን ወሰደ፣ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ፣ የመውደቅ አደጋ ያለባቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ለ24 ሳምንት ታይ ቺ የሠሩት፣ ማፍታቻ ብቻ ከሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ መውደቃቸው በ58 በመቶ ያነሰ ነበር። ይኼ ትልቅ ነገር ነው፣ እናቱ ወድቃ ዳሌዋ የተሰበረበት ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በ2016 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው 204 ሰዎች ለ12 ሳምንት ታይ ቺ ወይም ፊዚዮቴራፒ ተሰጥቷቸው ሁለቱም ቡድኖች ተመሳሳይ መሻሻል አሳይተዋል። የእትዬ ሐኪም ከመሬት ተነሥቶ አይደለም የላካቸው።

ካንሰር ያጠፋል፣ ስኳር ያድናል፣ መድኃኒት ያስጥላል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ግን ውጡ። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ቻይና ውስጥ ይኼ በሰፊው ታይቷል። አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ሰብስበው መድረክ ላይ ቆመው ቺ እንልካለን፣ እንፈውሳለን የሚሉ «ታላላቅ መምህራን» ተነሥተው ብዙ ሰው ተጎድቷል። ከ1999 በኋላ መንግሥት ብዙዎቹን ቡድኖች ዘጋ፣ በ2003 ደግሞ ባዱዋንጂንን ጨምሮ አራት የጤና ቺጎንግ ዓይነቶችን አስተካክሎ አወጣ። በቀን ሰዓታት ዓይን ጨፍኖ በትንፋሽ ላይ መጠመድ አእምሮን ሊያናጋ እንደሚችልም ቻይናዎቹ ራሳቸው ያውቃሉ። ከዚህ በፊት የአእምሮ ሕመም ያጋጠመው ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ያነጋግር። ደም ግፊት ያለበት ሰው ትንፋሽ አምቆ አይያዝ።

የኛ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ሌላ ነገር አለ፦ «ባዕድ አምልኮ አይደለም ወይ?» ጥያቄውን አላቃልለውም። ቃላቱ ውስጥ የዳኦና የቡድሃ እምነት አሻራ አለ፣ አንዳንድ ቤት የቀደሙ መምህራን ፎቶ ፊት ዕጣን ይጨሳል። ቡጢን በመዳፍ ሸፍኖ እጅ መንሳት ግን ሰላምታ ነው። እኔ ሰላምታውን እሰጣለሁ፣ ዕጣኑን አላጨስም፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለምን ያለኝ የለም። የምትገቡበትን ቤት አስተማሪ በግልጽ ጠይቁ። የሚያስገድድ ከሆነ ቤቱ የናንተ አይደለም።

ወደ ድብድቡ። ፎርም ብቻ የሠራ ሰው መደባደብ አይችልም። በሚያዝያ 2017 ቼንግዱ ከተማ ውስጥ ሹ ሺያውዶንግ የሚባል የቅይጥ ማርሻል አርት ተፋላሚ አንድ የታይ ቺ መምህርን ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ጣለው፣ ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። ብዙ ሰው «ታይ ቺ ውሸት ነው» አለ። እኔ ያየሁት ፊቱ ላይ እውነተኛ ቡጢ ሲሰነዘርበት የማያውቅ ሰው ነው። የሚታገላችሁ ሰው ከሌለ የትኛውም ስልት እዚያው ያደርሳችኋል። ልጃችሁ ራሱን እንዲከላከል ከፈለጋችሁ ትምህርት ቤቱ «ሳንዳ» ወይም ሌላ በጓንት የሚደረግ ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) እንዳለው ጠይቁ።

ትምህርት ቤት ስትመርጡ ስታይሉን ተዉትና ሰውየውን እዩ። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ክላስ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። የቆዩትን ተማሪዎች ጉልበት እዩ። ሲታጠፉ ጉልበታቸው ወደ እግር ጣታቸው አቅጣጫ ይሄዳል ወይስ ወደ ውስጥ ይወድቃል? ይኼን የምለው ከራሴ ነው። መጀመሪያ የገባሁበት ቤት በሦስት ወር 24ቱን እንቅስቃሴ አስጨረሱኝ፣ ደስ ብሎኝ ለሰው ሁሉ አሳየሁ። በአራተኛው ወር ቀኝ ጉልበቴ አበጠ። ክብደቴን በሙሉ አንድ እግር ላይ ጥዬ ጉልበቴን እያጣመምኩ ነበር የምዞረው፣ ማንም አላረመኝም። ቤት ቀይሬ ስሄድ አዲሱ አስተማሪዬ ፎርሙን አስተዉኝና ሁለት ወር አቆሙኝ። ተናድጄ ነበር። እብጠቱ ግን አልተመለሰም።

«ለምን?» ብላችሁ ስትጠይቁ መልስ አለ? አስተማሪው ከማን እንደተማረ ይናገራል? ወላጆች ቁጭ ብለው እንዲያዩ ይፈቀዳል? ካልተፈቀደ ልጅ አታስገቡ። ቀበቶ ብዙ አያስጨንቃችሁ፣ ባለቀለሙ ቀበቶ ከጃፓን ጁዶ የመጣ ነው፣ በየሁለት ወሩ የቀበቶ ፈተና እያሉ የሚያስከፍሉ ቤቶች ግን አሉ። የዓመት ኮንትራት አትፈርሙ፣ ወር በወር ክፈሉ። ጫማ ሶሉ ስስና ጠፍጣፋ ይሁን።

ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ እትዬን ይዣቸው ሄድኩ። የጓደኛዬም ልጅ ያን ቀን መጥቶ ነበር። አስተማሪው ሁለቱን አንድ መስመር ላይ አቆሟቸው፣ ልጁን ሰፋ ዝቅ አድርገው፣ እትዬን ቀጥ አድርገው ከፊታቸው ወንበር አስቀምጠውላቸው። ልጁ ገና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው መቁነጥነጥ ጀመረ። እትዬ አራት ደቂቃ ቆሙ። አሁን ጠዋት ጠዋት ማድ ቤት ውስጥ ይለማመዳሉ፣ ጀበናውን ይጥዱና በአንድ እጃቸው ጠረጴዛውን ነካ አድርገው፣ ቡናው እስኪፈላ።